ልጅ ይዞ ማያሚ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና እስኪፈላ የሚነበብ አይደለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ፣ እንዳትደናገሩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። አትላንታ ውስጥ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፤ ሦስት ወር ሆናት። አንድ ቀን ቡና ላይ «ባሕር ሳላይ ልትመልሱኝ ነው?» አለች። እናቴ በሕይወቷ ያየችው ትልቁ ውሃ ላንጋኖ ነው። እሱንም የዛሬ ሠላሳ ዓመት ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር ሄዳ። ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶላቸዋል፣ እኔም ጥቂት ቀን ፈቃድ ነበረኝ። በመኪና አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ ማያሚ እንሂድ አልን።

የአጎቴን ልጅ ሆቴል ልጠይቀው ደወልኩለት፤ ከጓደኞቹ ጋር ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ስልኩ ላይ ሳቀብኝ። «ልጅ ይዞ ማያሚ? ያውም እትዬን ይዘህ? እዚያ እኮ ሰው ቀን ተኝቶ ሌሊት ነው የሚነሣው። ኦርላንዶ ሂድ፣ ሚኪ ማውስን አሳያቸው፣ አርፈህ ተመለስ።» ያው ኦርላንዶ ለአምስት ሰው የሚያስከፍለውን እኔ ነኝ የማውቀው።

አመል ሆኖብኝ የምሄድበትን አገር ታሪክ ሳላነብ ሻንጣ አልዘጋም። ባለቤቴ «ሆቴል ፈልግ ስንልህ መጽሐፍ ትፈልጋለህ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሳነብ አመሸሁ። መጀመሪያ የፈለግኩት ልጆች የሚወስዱበት ቦታ ብቻ ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ሆነ፤ እዚያ ከተማ ውስጥ «ለቤተሰብ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። የማን ቤተሰብ?

በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። ማያሚና ማያሚ ቢች ሁለት ከተሞች ናቸው። ማያሚ በዋናው መሬት ላይ ያለው ነው፤ በ1896 ተመሠረተ። በፊልም የምናየው ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባው፣ ሌሊት የሚያበራው መብራት ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ደሴት ላይ ያለው ማያሚ ቢች ነው፤ እሱ ከተማ የሆነው በ1915 ነው። ከዚያ በፊት ማንግሮቭና ቢምቢ ብቻ ነበር። በ1880ዎቹ ኮኮናት ተክለው ሊከብሩ የመጡ ነበሩ፤ ቡቃያውን አይጥና ጥንቸል ጨረሰባቸው። ከነሱ በኋላ ከኒው ጀርሲ የመጣው ጆን ኮሊንስ አቮካዶ ተከለ። ሰውዬው ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ግን ምርቱን ማሻገሪያ ድልድይ ከእንጨት ልሥራ ብሎ ተነሣ። መሀል ላይ ገንዘቡ አለቀበት። ያን ጊዜ ደረሰለት ካርል ፊሸር የሚባል፣ በመኪና መብራት የከበረ፣ የኢንዲያናፖሊስን የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ካቋቋሙት አንዱ የሆነ ባለሀብት። 50,000 ዶላር አበድሮ በምላሹ መሬት ወሰደ። ድልድዩ በ1913 ተከፈተ። ፊሸር ማንግሮቩን አስጨፍጭፎ፣ ከባሕረ ሰላጤው ሥር አሸዋ አስቀድቶ ደፋበትና መሬቱን እየሸነሸነ ይሸጥ ጀመር።

ይሄ ፊሸር ታዲያ ማስታወቂያ ያውቃል። ሮዚ የምትባል ዝሆን ነበረችው። ልጆችን በጋሪ እየጎተተች ታዝናናለች፤ በ1921 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኖ የተመረጠው፣ ገና ያልተሾመው ዋረን ሃርዲንግ ጎልፍ ሲጫወት ዱላ ተሸካሚ ሆና ፎቶ ተነሣች። ፎቶው አገር ምድሩን አዳረሰ። ለትንሹ ልጄ ይህን ስነግረው ጉዞው በሙሉ ስለ ዝሆን ሆነ። «አሁንም አለች?» ይለኛል። መቶ ዓመት ምን እንደሆነ ለአምስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው።

ሌላው ያስገረመኝ ደግሞ «ካዚኖ» የሚለው ቃል ነው። በዚያ ዘመን የማያሚ ቢች ካዚኖ ቁማር ቤት አልነበረም፤ ልብስ የሚቀየርበት፣ የዋና ልብስ የሚከራይበት፣ ገንዳ ያለው የባሕር ዳር ቤት ነበር። ስሚዝስ ካዚኖ የሚባለው ዝነኛው ቤት ሰዎች ከማያሚ በጀልባ ተሻግረው ልጆቻቸውን ይዘው የሚውሉበት ነበር። ቁማሩም ዳንሱም በኋላ ነው የመጣው። ዛሬ በሌሊት ጭፈራው የሚታወቀው ከተማ ሲጀመር የቤተሰብ መዋኛ ነበር ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ ልጅ በቴክስት ላክሁለት፤ በሳቅ ምልክት መለሰልኝ።

ጭፈራውማ የቅርብ ጊዜ ነው። ዛሬ ሰው ፎቶ የሚነሣባቸው፣ በአርት ዴኮ አሠራር የተሠሩት እነዚያ ባለ ቀለም ሆቴሎች አብዛኞቹ የተሠሩት በ1930ዎቹ፣ ከ1926ቱ ከባድ አውሎ ነፋስ በኋላ፣ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ነው። በኋላም ጡረተኞች ሞሉባቸው፤ አብዛኞቹ ከኒው ዮርክ አካባቢ የመጡ አይሁድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በረንዳ ላይ ወንበር ደርድረው ባሕር ሲያዩ ይውላሉ። በ1970ዎቹ ባለሀብቶች ሕንፃዎቹን ሊያፈርሷቸው ሲሉ ባርባራ ካፒትማን የምትባል ሴት ማኅበር አቋቁማ ተሟገተች፤ በ1979 ሰፈሩ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። ማያሚ ቫይስ የሚባለው ተከታታይ ፊልም በ1984 ቴሌቪዥን ላይ ወጣ፤ ቬርሳቼ በ1992 ኦሽን ድራይቭ ላይ ቤት ገዛ፤ ሞዴሉም ፎቶ አንሺውም ተከተለ። እኛ የምናውቃት የሌሊቷ ማያሚ ያቺ ናት፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ከእናቴ ታንሳለች። አሁን ደግሞ ከተማው ራሱ ሰልችቶታል መሰለኝ፤ በ2024 የፀደይ ዕረፍት ላይ ለሚመጡት ወጣቶች «ተለያይተናል» የሚል የማስታወቂያ ዘመቻ አውጥቶባቸዋል።

እሺ፣ ወደ ጉዟችን። ቀን ላይ ሳውዝ ቢች ለልጅ ክፉ ቦታ አይደለም። ይህን በእርግጠኝነት ነው የምላችሁ። ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ጨፋሪው ተኝቶ ባሕሩ የእናንተ ነው። ከባሕሩ ዳር ያለው ረጅሙ ሣር ላመስ ፓርክ ይባላል፤ ላመስ የሚባሉ ወንድማማቾች መሬቱን ፓርክ ይሁን ብለው በከተማው መባቻ ላይ ለከተማው የሸጡት ነው። የልጆች መጫወቻ አለው፤ ነፃ ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የሚቆሙባቸው ማማዎች ደግሞ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ብጫ፣ አንዱ የጠፈር መንኮራኩር የሚመስል፤ በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ የቀድሞዎቹን ከጠረገ በኋላ ዊልያም ሌን የተባለ አርክቴክት ነው እንዲህ አድርጎ የነደፋቸው። ልጆቼ ማማ ሲቆጥሩ ሳይታወቃቸው ሁለት ማይል ተራመዱ። በነፃ! ኦርላንዶ ቢሆን ይሄኔ ለውሃ ብቻ ሃያ ዶላር ከፍያለሁ።

ከዚያ በደቡብ ጫፍ ሳውዝ ፖይንት ፓርክ አለ። ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ከወደቡ ሲወጡ በጠባቡ መተላለፊያ በአጠገባችሁ ያልፋሉ፤ ፎቅ ነው የሚሄደው የሚመስለው። ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ከላይ ያለውም ሰው ያውለበልብላቸዋል። እናቴ ሁለት እጇን አንሥታ «በሰላም ግቡ! በሰላም ግቡ!» ስትል ያለ አንድ ሰው የማታውቀውን መርከብ ሙሉ ሰው መረቀች።

ማዶ ያለችው ደሴት ፊሸር አይላንድ ትባላለች። ድልድይ የላትም፤ በጀልባ ነው የሚገባው፣ እሱም ነዋሪ ወይም እንግዳቸው ከሆናችሁ ነው። ከአሜሪካ እጅግ ሀብታም ሰዎች የሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ስሟ የካርል ፊሸር ነው። ከሱ በፊት ግን የዳና ዶርሲ ነበረች።

ዶርሲ የባሪያ ልጅ ነው። ማያሚ መጥቶ የሠራተኛ ቤቶችን አንድ በአንድ እየሠራ ሲያከራይ የማያሚ የመጀመሪያው ጥቁር ሚሊየነር ሆነ። በ1918 ይቺን ደሴት ገዛ። የገዛውም ጥቁር ቤተሰቦች የሚዝናኑበት የባሕር ዳር ቦታ ሊያደርጋት ነበር፤ ምክንያቱም ሌላ አልነበራቸውም። ግን አልሆነለትም፣ በ1919 ሸጣት። ከዚያ ለፊሸር ደረሰች፤ ፊሸር ደግሞ በ1925 ለቫንደርቢልት በመርከብ ለወጣት። እኔ እዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ማዶውን እያየሁ ይህን ለባለቤቴ ስተርክላት ትልቋ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አይስክሬሟን ይዛ ከጎናችን ነበረች። መስማቷን አላስተዋልኩም።

የዚያን ጊዜ ሕግና ልማድ ይሄ ነበር፤ ጥቁር ሰው ማያሚ ቢች የሚገባው ለሥራ ነው። ያነጥፋል፣ ያበስላል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ግንብ ይገነባል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሆቴልና የቤት ሠራተኛ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አሻራ ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መታወቂያ ማውጣት ነበረበት፤ ሥራው ሲያልቅ ከደሴቱ ይወጣል። ያነጠፈው አልጋ ላይ አያድርም፣ በሚጠርገው አሸዋ ላይ ልጁን አያጫውትም። አይሁዶችም ቢሆኑ በፊሸር መሬት ላይ ቤት መግዛት አይፈቀድላቸውም ነበር። በአንዳንድ ሆቴሎች በር ላይም እነሱ እንዳይገቡ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ነበር። በኋላ የዚያው ከተማ በረንዳዎች የማን እንደሆኑ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

የሌሊት ሕይወት የተባለውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በትልልቆቹ የማያሚ ቢች ሆቴሎች ሌሊት የሚዘፍኑት ብዙዎቹ ዝነኛ ጥቁር አርቲስቶች ነበሩ፤ ግን መድረኩ ላይ ጨብጨባ ተቀብለው ሲወርዱ እዚያው ማደር አይችሉም። ድልድዩን ተሻግረው ኦቨርታውን የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ይሄዳሉ፤ እዚያ ደግሞ ለወገናቸው እንደገና እስኪነጋ ይዘፍናሉ። ሳም ኩክ በጥር 1963 ሐርለም ስኩዌር ክለብ ውስጥ የተቀዳው ሙዚቃው እዚያ ሰፈር ነው የተቀዳው፤ አልበሙ የወጣው ግን በ1985 ነው። የማያሚ ትክክለኛዋ ሌሊት እዚያ ነበረች ብል አላጋነንኩም። በ1960ዎቹ አውራ ጎዳና በመሀሉ አሳልፈውበት ሰፈሩን ለሁለት ሰነጠቁት፤ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። ዛሬ በዚያ መንገድ ሽው ስትሉ ከጎማችሁ ሥር ምን እንደነበረ የሚነግራችሁ ምልክት የለም። በ1913 የተከፈተው ሊሪክ ቲያትር ግን ታድሶ ቆሟል።

መሐመድ ዓሊንም ታውቁታላችሁ። ያኔ ገና ካሲየስ ክሌይ እያለ፣ የካቲት 25 ቀን 1964 (በነሱ ፌብሩዋሪ ማለቴ ነው) ሶኒ ሊስተንን ያሸነፈው ማያሚ ቢች ላይ ነው። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ግን ድሉን ያከበረው ማዶ ተሻግሮ፣ ብራውንስቪል በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ባለው ሃምፕተን ሃውስ ሞቴል ነው፤ ከማልኮም ኤክስ፣ ከሳም ኩክና ከጂም ብራውን ጋር፣ አይስክሬም እየበላ። ከዚያ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደግሞ ማልኮም ሚስቱን ቤቲንና ሴት ልጆቹን ይዞ በክሌይ ግብዣ ማያሚ መጥቶ ነበር። ልጅ ይዞ ማያሚ! ማልኮም በሕይወቱ ከቤተሰቡ ጋር ያደረገው የዕረፍት ጉዞ ብዙ አይደለም፤ በዓመቱ ተገደለ። ሃምፕተን ሃውስ ዛሬ ሙዚየም ነው። ወሰድኳቸው። ልጆቹ ሃያ ደቂቃ ታገሡ፤ እኔ ግን ባይጎትቱኝ ኖሮ አመሽ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ማታ ሆቴላችን ውስጥ እንጀራችንን ዘርግተን (እናቴ ድርቆሽ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም) ስንበላ ትልቋ ልጄ ድንገት «አባዬ፣ እኛ ያኔ ብንሆን ኖሮ የት ነበር የምንዋኘው?» አለችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «እኛማ ሐበሻ ነን፤ እኛን ማን ይነካናል።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። ወደዚህ አገር ስመጣ «ይሄ የነሱ ነገር ነው፣ እኛ ቅኝ አልተገዛን፣ ባርነቱም አልነካን፣ ሠርተን እንኖራለን» ነበር የምለው። ሥራ ቦታ ላይ የጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባዬ የአያቱን ነገር ሲያወራልኝ ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር እንጂ ልቤ ውስጥ የሰው አገር ታሪክ ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው ናችሁ፣ አትዋሹኝ። ግን ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በ1961 የቻድ አምባሳደር፣ ያውም ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን እየሄደ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሩት 40 ላይ ቡና ሊጠጣ ቆሞ «አናስተናግድም» ተብሏል። አምባሳደር ነው፤ ዲፕሎማት ነው። የኬኔዲ መንግሥት በአፍሪካ ፊት አፍሮ ጉዳይ እስኪሆንበት ደረሰ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ፓስፖርት አይጠይቅም፤ የሚያየው ፊት ነው።

ስለዚህ ልጄን «አሸዋው ላይ አያስገቡንም ነበር» አልኳት። እናቴ ዝም አለች። ልጅቷም «ታዲያ እነዚያ ልጆች ምን ሆኑ?» አለች።

ነገ አሳይሻለሁ አልኳት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በግንቦት 9 ቀን 1945፣ ጀርመን እጅ በሰጠች ማግስት ማለት ነው፣ ጥቂት ጥቁር ወንዶችና ሴቶች ከማያሚ ቢች በስተሰሜን ሆሎቨር የሚባለው የነጮች ብቻ የሆነ የባሕር ዳርቻ ሄዱ። የዋና ልብስ ለብሰው ውሃ ውስጥ ገቡ። በቃ ይኸው ነው፤ ውሃ ውስጥ ገቡ። ሎውሰን ቶማስ የሚባለው ጠበቃቸው ዳር ላይ ቆሟል፤ የዋስ ገንዘቡን ይዞ። ዕቅዱ መታሰር ነበር። ከታሰሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፍርድ ቤት ከቀረበ ደግሞ «በየትኛው ሕግ?» ብሎ ይጠይቃል። ፖሊሶቹ መጡ። አሳሪዎቹም ይህን ገምተው ነው መሰለኝ፣ ማንንም አላሰሩም። ሰዎቹ ዋኝተው ወጡ።

ስንቱን ሰልፍና ጩኸት በሚያህል ነገር ላይ የአንድ ከሰዓት ዋና ሲያሸንፍ አስቡት! ካውንቲው ክሱ እንዳይመጣበት ፈራ፤ ጦርነት ላይ ያሉ ጥቁር ወታደሮችም ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው። ቻርልስ ክራንደን የሚባለው የካውንቲው ኮሚሽነር ባለበት ድርድር ተደረገና በነሐሴ 1 ቀን 1945፣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ቨርጂኒያ ኪ የምትባለው ደሴት ላይ «ለጥቁሮች ብቻ» የሆነ የባሕር ዳርቻ ተከፈተ። ቶማስ ራሱ በ1950 ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ በደቡቡ አሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ።

ይሄ ድል ነው ወይስ አይደለም? እኔ ብዙ አሰብኩበት። የጠየቁት እኩል ባሕር ነው፤ የተሰጣቸው የተለየ ባሕር። ቦታው መጀመሪያ ድልድይ እንኳ አልነበረውም፤ ከማያሚ ወንዝ በጀልባ ነበር የሚኬደው፣ የሪከንባከር መንገድ እስኪከፈት እስከ 1947 ድረስ። ውሃውም በዚያ በኩል ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይለኛ ጅረት አለው፤ ዛሬም የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ። በዚያው በ1947 ቀጥላ ባለችው ደሴት ላይ ክራንደን ፓርክ ለነጮች ተከፈተ፤ ረጋ ያለ ውሃ፣ ሰፊ አሸዋ፣ በኋላም የእንስሳት ማቆያ። ሁለቱን አስተያዩአቸው። በሌላ በኩል ግን አያቶቹን ብትጠይቋቸው ቨርጂኒያ ኪን በምሬት አያነሷትም። ልብስ መቀየሪያ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ የሚከራዩ ትንንሽ ቤቶች፣ ለልጆች ትንሽ ባቡርና የፈረስ ሽክርክሪት ነበራት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ድስቱን ተሸክሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወርዳል። አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ያጠምቁበት ነበር። ከደሴቶቹ የመጣው ስደተኛም እዚያ ነበር የሚውለው። የተከለከለ ሕዝብ በተሰጠው ጥግ ላይ ሰርግ የመሰለ ኑሮ ሠራበት። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

በ1959 ደግሞ ጥቂት ሰዎች፣ ከነሱም ውስጥ ዶክተር ጆን ብራውንና የማያሚ ታይምስ ጋዜጣው ጋርት ሪቭስ አሉበት፣ ክራንደን ፓርክ ሄደው ውሃ ውስጥ ገቡ። ባሕሩ ቀስ በቀስ ለሁሉም ተከፈተ። ሲከፈት ግን ቨርጂኒያ ኪ ሰው ራቃት፤ ይሄ ያልታሰበ ነገር ነው። በ1982 ካውንቲው ለማያሚ ከተማ አስረከባት፤ ከተማው ማስተዳደሪያ ገንዘብ የለኝም ብሎ ዘጋት። ባቡሩ ዛገ፣ ሣሩ በላት። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሬቷን ለግል አልሚ ለመስጠት ሲታሰብ ልጅ እያሉ እዚያ የዋኙት ሰዎች ሽማግሌ ሆነው ተነሡ። መሪያቸው አታሊ ሬንጅ ነበረች፤ በማያሚ ከተማ ኮሚሽን የመጀመሪያዋ ጥቁር አባል የነበረች፣ ያን ጊዜ ሰማንያዎቹ ውስጥ ያለች ሴት። በ2002 ቦታው በታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ፤ በ2008 እንደገና ተከፈተ። እሷ ግን ከሁለት ዓመት በፊት አርፋለች።

ሦስተኛው ቀን ሄድን። ሳምንቱ መሀል ስለሆነ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ለመኪና ትከፍላላችሁ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ጥላው ጥሩ ነው፣ ዘንባባና የባሕር ወይን የሚባለው ሰፋፊ ቅጠል ያለው ዛፍ አለ፤ የተከለሉ የምሳ ጠረጴዛዎች፣ ማንደጃ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከጉልበት በላይ አታስገቧቸው፤ ጅረቱን ነግሬያችኋለሁ። ውሃው መሀል አንድ ፔሊካን ዓሣ ሲያጠምድ ነበር፤ ለትንሹ ልጄ ዝሆኗን ያስረሳችው እሷ ናት።

የፈረስ ሽክርክሪቱ ያን ቀን አይሠራም ነበር። ትልቋ ልጄ አጥሩን ይዛ ፈረሶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የቦታው ጠባቂ፣ ሸምገል ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቀረብ ብለው «ቅዳሜና እሑድ ነበር መምጣት» አሏት። እሷም ሰላምታ ሳታቀርብ «እርስዎ ልጅ ሆነው ተሳፍረውበታል?» አለቻቸው። ሰውየው ሳቁ። በልጅነታቸው እናታቸው ማያሚ ቢች ሆቴል ውስጥ እንደምትሠራ፣ ዕረፍቷ ሐሙስ ብቻ እንደነበረ፣ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ይመጡ እንደነበር ነገሯት። ብጫው ፈረስ ላይ ካልሆነ አልሳፈርም ብለው ያለቅሱ ነበር አሉ። ልጄ ቢጫ ፈረስ ፈለገች፤ አላገኘችም። «ቀለሙን ቀይረውታል» አሉ ሰውየው፣ የቅሬታ ዓይነት ድምፅ ነበር።

እናቴ እንግሊዝኛው አይገባትም። «ምን አሉ?» አለችኝ። ተረጎምኩላት። የእናታቸውን ነገር ስነግራት ወደ ሰውየው ዞር ብላ በአማርኛ «ነፍሷን ይማር» አለች፣ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ። በሕይወት ትኑር አትኑር እንኳ አልጠየቀችም። እሳቸውም ምን እንዳለች ሳይገባቸው ጎንበስ አሉላት።

ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ እየፈራች ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ማዕበሉ ሲመጣ ትንሹን ልጄን አጥብቃ ትይዛለች፤ እሷ ትያዘው እሱ ይያዛት አይታወቅም። ሰዎች እዚህ ይጠመቁ እንደነበር በመኪና ውስጥ ነግሬያት ነበርና ዘቅዘቅ ብላ በመዳፏ ዘገነችና «በስመ አብ» ብላ ሁለቱንም ልጆች ግንባራቸው ላይ ረጨቻቸው። በመጨረሻ ጣቷን ቀመሰች።

«ውይ! ጨው ነው እንዴ!» አለች። «ነገራችሁኝ፣ ግን እንዲህ አልመሰለኝም።»

የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታ ቀዳች። ለሰፈር ሴቶች ማሳያ ነው። ባለቤቴ «እማዬ፣ ሻንጣ ውስጥ ይፈሳል» ብትላት አልሰማችም፤ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ከቀሚሶቿ መሀል ከተተችው። ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር፤ ጠብታ ሳይፈስ ደርሷል፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀምሶታል።